የችፕስ መስመር ለሽያጭ

በዋሽንግተንና በአካባቢው ነዳጅ ማደያ ወይም ሱቅ ያለው ሀበሻ ሰውየውን በደንብ ያውቀዋል። በማለዳ በጓሮ በር ካርቶን በጋሪ እየገፋ ይገባል፤ ቀኑ የቀረበውን ችፕስ ወደ ፊት ስቦ አዲሱን ከኋላ ይሰካል፣ የተጨማደደውን ከረጢት ለቅሞ ያወጣል፣ በእጁ ከያዛት ትንሽ ኮምፒውተር ደረሰኝ አትሞ አስፈርሞ ይሄዳል። ባለሱቁ የፋብሪካው ደሞዝተኛ ይመስለው ይሆናል። ብዙ ጊዜ ግን ሰውየው ራሱን የቻለ ነጋዴ ነው። መኪናውም ዕዳውም የራሱ ነው፤ ለነዚያ ሱቆች ሸቀጥ የማድረስ መብቱንም በገንዘቡ የገዛው ነው።

ይህ መብት አሜሪካ ውስጥ «ሩት» (መስመር) ይባላል፤ እንደ ቤት በደላላ ይሸጣል፣ በባንክ ብድርም ይገዛል።

ነገሩ የመጣው ከራሱ ከችፕሱ ባሕርይ ነው። ችፕስ ቦታ ይፈጃል እንጂ አይመዝንም፤ ከረጢቱ ውስጥ ብዙ ናይትሮጅን አለ። ሲደራረብ ይሰበራል፣ ቀኑም ቶሎ ያልፋል። ስለዚህ ፋብሪካዎቹ በሱፐርማርኬት መጋዘን በኩል ከማሳለፍ ይልቅ በራሳቸው ሰው እስከ መደርደሪያው ማድረስን መረጡ። ኡትዝ የተባለው የችፕስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1921 ሃኖቨር፣ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ሲጀመር ሚስት በቤቷ ኩሽና ትጠብሳለች፣ ባል ይዞ እየዞረ ይሸጣል። ኸርማን ሌይም በ1932 ናሽቪል ውስጥ ሥራ የጀመረው የሌላ ኩባንያ ችፕስ አከፋፋይ ሆኖ ነው፤ አሥር ዓመት ሳይሞላ ኩባንያውን ራሱን ገዛው። የሚያስገርመው፣ ስሙን የወረሰው ፍሪቶ ሌይ ዛሬ በአሜሪካ በአብዛኛው የሚያሠራው በራሱ ቅጥር ሠራተኞች መሆኑ ነው። ለሽያጭ የሚቀርቡት መስመሮች በብዛት የኡትዝ፣ የፔፐሪጅ ፋርም፣ የስናይደርስ ላንስና የዳቦ ፋብሪካዎች ናቸው። ስናይደርስ ላንስ በ2011 እና በ2012 የራሱን መስመሮች ለግለሰቦች ሸጠ፤ በ2018 ደግሞ ኩባንያው ራሱ በካምቤል ተገዛ።

ዋጋው የሚነገረው በሳምንታዊ ሽያጭ ብዜት ነው። በሳምንት 10 ሺህ ዶላር የሚሸጥ መስመር በ14 እጥፍ ለገበያ ወጣ እንበል፤ 140 ሺህ ዶላር ነው። የአከፋፋዩ ድርሻ ከመቶ 20 ከሆነ በሳምንት 2 ሺህ፣ በዓመት 104 ሺህ ዶላር ይገባል። ደላላው በትልቅ ፊደል የሚጽፈው ይህንኑ ቁጥር ነው። ገዢው 30 ሺህ ከፍሎ ቀሪውን በ10 ከመቶ ወለድ ለ10 ዓመት ቢበደር፣ ለባንኩ ብቻ በዓመት ከ17 ሺህ በላይ ይከፍላል። ነዳጁ፣ ጥገናው፣ ኢንሹራንሱና የመጋዘን ኪራዩ ገና አልተነሡም። በራሱ ሥራ የሚተዳደር ሰው አሠሪና ሠራተኛ የሚጋሩትን የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብር 15.3 ከመቶ ብቻውን ይችላል፤ ሲታመም ወይም አገር ቤት ሲሄድ ደግሞ የሚተካውን ሾፌር ከኪሱ ይከፍላል። መደርደሪያው ግን ዕረፍት አያውቅም፤ ችፕስ በብዛት የሚበላበት የሱፐር ቦውል ጨዋታ ሳምንት ሲደርስማ እንቅልፍም የለም።

ከዚያ ቀኑ ያለፈበት ዕቃ አለ። ኩባንያው በውሉ ልክ መልሶ ይረከባል፤ ከዚያ ያለፈው ኪሳራ የአከፋፋዩ ነው። አንዳንድ ትልልቅ መደብሮች ደግሞ የሚከፍሉት ዕቃው ካሸር ላይ ስካን ሲደረግ ብቻ ነው። እስከዚያ ድረስ መደርደሪያው ላይ ያለው ችፕስ የአከፋፋዩ ንብረት ነው፤ ሌባ ሰርቆት ቢሄድም እሱ የሚካፈለው ጉዳት ይኖራል። ቆጠራ በመጣ ቁጥር ጭቅጭቅ የሚነሣው ለዚህ ነው።

የዚህ ንግድ ትልቁ አደጋ ግን ከመኪናው ይርቃል። ከትልልቅ መደብሮች ጋር የሚዋዋለው ኩባንያው ነው፤ ዋጋውንም ቅናሹንም የሚወስነው እሱ ነው። ራይት ኤይድ የተባለው የመድኃኒት መደብር ሰንሰለት በ2025 የቀሩትን ሱቆች ሁሉ ሲዘጋ፣ እነሱን በዝርዝሩ ይዞ የነበረ ባለመስመር በዚያው ልክ ሽያጩ ተቆረጠ፤ የባንክ ዕዳው ግን አልቀነሰም። ኬሎግ ደግሞ በ2017 ብስኩትና ክራከሩን በቀጥታ ለሱቅ ማድረስ ትቶ ወደ መደብሮቹ መጋዘን አዞረ፤ 39 ማከፋፈያዎችንም ዘጋ። የኬሎግ ሾፌሮች ቅጥር ነበሩና መስመር የገዛ ሰው አልከሰረም። ያም ሆኖ እንዲህ ያለው ውሳኔ ከየት እንደሚመጣ ያሳያል።

እንዲህ ያለ ሰው ነጋዴ ነው ወይስ ሠራተኛ? ጥያቄው ፍርድ ቤት ሲመላለስ ዓመታት አስቆጥሯል። ፍላወርስ ፉድስ የተባለው የዳቦ ኩባንያ በ2023 የካሊፎርኒያ አከፋፋዮቹን ክስ በ55 ሚሊዮን ዶላር ለመቋጨት ተስማማ፤ በዚያ ግዛት መስመሮቹን መልሶ ገዝቶ በቅጥር ሠራተኛ ለማሠራትም ወሰነ። በሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ፣ ከኮነቲከት በመጡ ሁለት የዚሁ ኩባንያ ዳቦ አከፋፋዮች ጉዳይ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በግልግል እንዲዳኝ የማይገደድ የትራንስፖርት ሠራተኛ ለመባል የግድ በትራንስፖርት ዘርፍ ውስጥ መሥራት እንደማያስፈልግ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። የቀረውን ክርክር ለታች ፍርድ ቤቶች መለሰ።

ስለዚህ አዋቂ ገዢ መኪናውን ከማየቱ በፊት የሱቆቹን ዝርዝር ይጠይቃል። የሽያጩ ግማሽ ከአንድ ሱፐርማርኬት የሚመጣ ከሆነ ዋጋው መውረድ አለበት። ሻጩ በእጁ የጻፈውን ሒሳብ ትቶ ኩባንያው በየሳምንቱ የሚያወጣውን የአንድ ዓመት መግለጫ ያነባል፤ የተመላሽ ዕቃውን ረድፍ ከሽያጩ ረድፍ እኩል ያጤናል። ውሉን ጠበቃ ያያል፤ በተለይ ኩባንያው በምን ምክንያት መብቱን ሊነጥቅ፣ ሽያጩንስ ሊከለክል እንደሚችል የሚደነግገውን አንቀጽ። ከዚያ ከሻጩ ጋር መኪናው ውስጥ ገብቶ ጥቂት ቀን አብሮ ይዞራል። የሱቅ ኃላፊዎቹ ሻጩን በፈገግታ ይቀበሉት ወይስ ጥግ ላይ ያስጠብቁት፣ ይህ በየትኛውም መግለጫ ላይ አይጻፍም።