ፕሮፋይልዎን የሚያነበው ቀጣሪ ነው ወይስ ደንበኛ?

የምተዳደረው አዲስ አበባ ውስጥ ለአነስተኛ ድርጅቶች ሂሳብ በመሥራት ነው። ፔይሮል አዘጋጃለሁ፣ የየወሩን ግብር አሳውቃለሁ፣ ሰኔ 30 ሲደርስ የዓመቱን ሂሳብ እዘጋለሁ። ከደንበኞቼ ከፊሎቹ በሰው በሰው የመጡ ናቸው፤ የቀሩት በሊንክድኢን ነው ያገኙኝ። ይህን የሰሙ የሙያ ጓደኞቼ "እስቲ የእኔን እይልኝ" እያሉ ፕሮፋይላቸውን ይልኩልኛል። ዲግሪው አለ፣ የሥራ ልምዱ አለ፣ ሥልጠናው አለ። ነገር ግን ሁሉም የተጻፈው ለቀጣሪ ነው።

አይፈረድባቸውም። ሊንክድኢን እ.ኤ.አ. በ2003 ሥራ ጀምሮ፣ በ2016 ማይክሮሶፍት በ26.2 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶት፣ ዛሬ አባላቱ ከ1 ቢሊዮን ያለፉ ቢሆንም ገጹ እስካሁን የሲቪ ቅርጹን አልለቀቀም። እኛም አገር ብዙ ሰው የሚከፍተው ሥራ ሲፈልግ ነው። ደንበኛ ግን ሌላ ሰው ነው። ቀጣሪ ስለ እርስዎ ማወቅ ይፈልጋል፤ ደንበኛ የሚመጣው የራሱን ጭንቀት ይዞ ነው። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን እየኖረ ቦሌ ካፌ የከፈተ ሰው ያስቡ። ሂሳቡን የያዘለት ዘመድ ነው፤ የማሳወቂያው ቀን ማለፉን የሚሰማው ቅጣቱ ሲመጣ ነው። ይህ ሰው ገጼን ሲከፍት የሚፈልገው የምረቃ ዓመቴን ሳይሆን የእሱን ዓይነት ችግር የማውቅ መሆኔን ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምነካው ከስም ሥር ያለችውን መስመር፣ ሄድላይኗን ነው። እስከ 220 ፊደል ትይዛለች። ካልነኳት ሊንክድኢን ራሱ የሥራ መደብዎንና የመሥሪያ ቤትዎን ስም ወስዶ ይሞላታል። ይህች መስመር ስምዎ በሄደበት ሁሉ አብራ ትሄዳለች፤ ሰው ሲፈልግዎት፣ ኮሜንት ሲጽፉ፣ ኮኔክት ሲጠይቁ። ስልክ ላይ ደግሞ መጀመሪያዋ ብቻ ስለሚታይ ዋናው ነገር ፊት መምጣት አለበት። አንዲት ባልደረባዬ "ሲኒየር አካውንታንት፣ አዲስ ሥራ በመፈለግ ላይ" ብላ ነበር። አብረን ቀየርነው። የምንጽፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሐሳቡ ግን ይህ ነው፦ "ባለቤታቸው ውጭ አገር ለሚኖሩ የአዲስ አበባ ድርጅቶች ሂሳብ፣ ፔይሮልና የግብር ማሳወቂያ።" ሙያዋ ያው ነው። አሁን ግን የካፌው ባለቤት ሲያነበው "ይሄ እኔ ነኝ" ይላል። ፎቶዋ ላይ የነበረውን ሥራ ፈላጊ መሆኗን የሚናገር አረንጓዴ ክብም አነሳነው። በእሱ ፈንታ አገልግሎት የሚዘረዘርበትን ክፍል ከፈትን፤ ደንበኛው ከዚያው ጥያቄ መላክ ይችላል።

ቀጥሎ ያለው ስለ ራስ የሚጻፍበት ቦታ እስከ 2,600 ፊደል ይፈቅዳል። ጎብኚው ግን "ተጨማሪ" የሚለውን እስኪጫን ድረስ የሚያየው ጥቂት መስመር ብቻ ነው። እነዚያን መስመሮች "ታታሪ፣ ውጤታማና በቡድን መሥራት የምችል" በሚሉ ቃላት መጨረስ ያሳዝነኛል፤ ማንም ስለ ራሱ የሚለው ነውና ማንንም አያሳምንም። እኔ ሥራውን እንዳለ ነው የምጽፈው፦ ደረሰኝ በፎቶ እንደምቀበል፣ ፒችትሪ በተባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ እንደምመዘግብ፣ በየወሩ ለባለቤቱ አንድ ገጽ ሪፖርት እንደምልክ። የማልሠራውንም እጽፋለሁ። የውጭ ኦዲት የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ፈቃድ የሰጠው ሰው ሥራ ነው፤ ፈቃዱ የሌለን ሰዎች "ኦዲተር" ብለን ራሳችንን መጥራት የለብንም። ገንዘቡን የሚያምንዎት ሰው መጀመሪያ የሚመዝነው ይህንን ነው።

ሥራውን በማስረጃ ማሳየት ላይ ግን የሂሳብ ሰው ይቸገራል፤ የደንበኛ መዝገብ ለሌላ ሰው አይታይምና። እኔ በምናብ የተፈጠረ የአምስት ሠራተኞች ፔይሮል ሠርቼ ከገጹ ላይኛው ክፍል አስቀምጫለሁ። ጡረታው ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ሆኖ እንዴት እንደሚሰላ፣ ከደመወዝ የሚቆረጠው ግብር የት እንደሚገባ ዓምድ በዓምድ ይታያል። ብዙ ሰው ለጥያቄ የሚጽፍልኝ ይህን ካየ በኋላ ነው።

ምስክርነትን በተመለከተ፣ ሊንክድኢን ላይ ሊጽፍልዎት የሚችለው ኮኔክት ያደረጉት ሰው ነው፤ እርስዎ ካልተቀበሉትም ገጽዎ ላይ አይወጣም። "እባክዎ ጥሩ ነገር ይጻፉልኝ" ብለው ከጠየቁ "ጎበዝ ናት፣ እግዚአብሔር ይስጣት" ይመጣል። ምርቃቱ ደስ ይላል፤ ለማያውቅዎት ሰው ግን ምንም አይነግረውም። እኔ የምጠይቀው እንዲህ ነው፦ "ጋሼ፣ አብረን ከመሥራታችን በፊት ሂሳቡ ላይ ምን ያስቸግርዎት ነበር? አሁንስ ምን ተለወጠ? ሁለቱን ብቻ ቢጽፉልኝ።" አንድ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ በዚህ መሠረት የጻፉልኝ፣ ለባንክ ብድር የዓመቱን ሂሳብ ሲጠየቁ ተዘጋጅቶ እንደጠበቃቸው ነው። ያቺ ዐረፍተ ነገር እኔ ስለ ራሴ ከጻፍኩት ሁሉ ትበልጣለች።

ፎቶው ፊት በደንብ የሚታይበት ይሁን፤ የሠርግ ፎቶ ቆርጦ መለጠፍ ይቅር። በገጹ አድራሻ መጨረሻ ላይ የሚንጠለጠሉትን ቁጥሮች አጥፍቶ በስም መተካትም ይቻላል፤ ቢዝነስ ካርድ ላይ ሲታተም ያምራል።

የቀረው መልስ መስጠት ነው። ሜሴጅ የላከ ሰው በዚያው ሰዓት ለሌላም ልኮ ይሆናል። ዋጋ ገጹ ላይ አልጽፍም፤ የድርጅቱን መጠን ሳላውቅ የምናገረው ዋጋ ወይ እኔን ወይ እሱን ይጎዳል። በምትኩ ሦስት ጥያቄ ከመግለጫው መጨረሻ አስቀምጫለሁ፦ በወር ስንት ደረሰኝ አለዎት? ስንት ሠራተኛ? የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ነዎት? አሁን ብዙዎቹ የሚጽፉልኝ መልሱን ይዘው ስለሆነ፣ በዚያው ቀን ዋጋ ልልክላቸው እችላለሁ።