ስለ መዋኛ ባሕሮቻችንና ስለ ቢልሃርዚያ

የዚህ አጭር ጽሑፍ አሳብ፥ ከአዲስ አበባ ተነሥተው ለዋና የሚሄዱ ወጣቶች ውሃን በምን መዝነው እንደሚመርጡና በምንስ ሊመዝኑት እንደሚገባ ለመግለጥ ነው። ነገሩን ያሳሰበኝ የአብነት ሠፈር ነው። አብነት ከመርካቶ አጠገብ ያለ፥ ሰውና ዕቃ ሲተራመስበት የሚውል ሠፈር ስለ ሆነ፥ በበዓል ሰሞን ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተው ሚኒባስ ይከራዩና ወደ ውሃ ዳር ይወርዳሉ። ከመሄዳቸው በፊት ክርክር አይጠፋም። «ላንጋኖ ጭቃ ነው፤ ሐዋሳ ይሻላል» የሚለው ቃል ዘወትር ይሰማል። ይህ ፍርድ ከጤና አንጻር ሲታይ የተገለበጠ ነው።

ኤርትራ ነጻ መንግሥት ከሆነችበት ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ አገራችን የባሕር ጠረፍ የላትም። ቀድሞ ባሕር ያሰኘው ሰው ምጽዋ ወርዶ በጉርጉሱም አሸዋ ላይ ይዝናና ነበር፤ ዛሬ የቀረን ሐይቁ ነው። ሕዝባችን እርሱንም ባሕር ይለዋል፤ የባሕር ዳር ከተማ ስሟን ያገኘችው ከጣና ነው። ነገር ግን በጨው ባሕርና በሐይቅ መካከል ለዋናተኛ ትልቅ ልዩነት አለ። ቢልሃርዚያ በጨው ባሕር አይይዝም፤ ምክንያቱም የበሽታው ትል የሚራባበት ቀንድ አውጣ ጨው በሌለበት ውሃ እንጂ በባሕር አይኖርም።

ትሉን እ.ኤ.አ. በ1851 ካይሮ ላይ ያገኘው ቴዎዶር ቢልሃርዝ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው። በአገራችን በብዛት የሚገኘው አንጀትን የሚይዘው ዓይነት ሲሆን፥ አኗኗሩ እንደሚከተለው ነው። በሽተኛው በውሃ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ጋር ውሃ ውስጥ ይገባል። የተፈለፈለው እጭ ቢዮምፋላሪያ የሚባለውን ቀንድ አውጣ ፈልጎ ይገባበትና በውስጡ ለጥቂት ሳምንታት ይባዛል። ከዚያ በኋላ ጅራት ያላቸው፥ በዓይን ለማየት የሚያዳግቱ እጮች ወደ ውሃው ይወጣሉ፤ የሰው ገላ ሲያገኙም በጥቂት ደቂቃ ቆዳውን በስተው ይገባሉ። ውሃውን መጠጣት አያስፈልግም፤ እግርን መንከር ይበቃል። ትሉ አድጎ በአንጀትና በጉበት የደም ሥሮች ውስጥ ይቀመጣል፤ ብዙ ዓመት ሲቆይም ጉበትን ያደነድናል፥ ሆድን ይነፋል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። እጮቹ ከቀንድ አውጣው የሚወጡት ብርሃን ሲያገኙ ነው፤ የሚበዙትም ከረፋዱ እስከ ቀትር ነው። ይህ ደግሞ የእኛ ሰው ፀሐይዋ ሞቀች ብሎ ልብሱን የሚያወልቅበት ሰዓት ነው።

ቀንድ አውጣው የሚወድደው ማዕበል የማይመታውን፥ ቄጠማና ደንገል የበቀለበትን ዳር ነው። በጣና፥ በዝዋይና በሐዋሳ ዳር በሚኖሩ ሰዎች ላይ በሽታው መኖሩ በምርመራ ተረጋግጧል። የውሃው ጥርት ማለት ምንም አይረዳም። የላንጋኖ ውሃ ግን ሶዳ ያለበትና ደለል ያንሳፈፈ፥ ቀለሙም ወተት የገባበት ቡና የመሰለ ስለ ሆነ ለቀንድ አውጣው አይመችም፤ ሐይቁም ከቢልሃርዚያ ነጻ በመሆኑ የታወቀ ነው። የተናቀው ጭቃ ጠባቂ ሆነ ማለት ነው።

የቢሾፍቱ ሐይቆች አደጋ ሌላ ነው። ብዙዎቹ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ያሉ ስለ ሆኑ ዳሩ ወዲያው ገደል ይሆናል፤ የቢሾፍቱ ሐይቅ ራሱ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ዋና የማይችል ሰው በዚያ ሁለት እርምጃ ባይሞክር ይበጀዋል። ሶደሬ የሚሄድም በፍል ውሃው ገንዳ ይዋኝ እንጂ አዞ ወዳለበት ወደ አዋሽ አይውረድ።

ስለ መከላከያው ሲነሣ ዶክተር አክሊሉ ለማ ሊታወሱ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፥ ነገሩን በምርምር አረጋገጡ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት በስማቸው ይጠራል። እንዶድ ለጅረትና ለቦይ ይረዳ ይሆናል፤ ጣናን የሚያህል ውሃ በእንዶድ ይታጠባል ማለት ግን ዘበት ነው።

መድኀኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው። ሆኖም የሚገድለው ያደገውን ትል ስለ ሆነ፥ ከዋና በተመለሱ ማግሥት መዋጡ እምብዛም አይጠቅምም። ከስድስት ወይም ከስምንት ሳምንት በኋላ ዓይነ ምድርን ማስመርመር ይሻላል። ይህ ምክር ለአብነት ልጅ ይሠራል፤ እርሱ በዓመት አንድ ቀን ይዋኛል፥ ውሃውንም ይመርጣል። የጣና ዓሣ አጥማጅ ግን በየቀኑ እስከ ጉልበቱ በውሃ ውስጥ ቆሞ መረቡን ይስባል፤ መድኀኒቱን በወሰደ ማግሥትም የሚመለሰው ወደዚያው ውሃ ነው።