«ከፍተሻው በፊት» እና «ከየፍተሻው በፊት»
የጋራ መሰናዶ ስያሜ በፕሮግራም ፍተሻ

የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚጽፉ ባለሙያዎች የእያንዳንዱን ጥቃቅን የፕሮግራም ክፍል ትክክለኛነት ለየብቻው የሚመረምሩ ሌሎች አጫጭር ፕሮግራሞችን ይጽፋሉ። ይህን አሠራር «አሃዳዊ ፍተሻ»፣ ፍተሻዎቹ የሚካሄዱበትን መሣሪያ ደግሞ «የፍተሻ ማዕቀፍ» እንለዋለን። ፍተሻ ከመጀመሩ አስቀድሞ የሚሰናዳለት ነገር አለ፤ ፋይል ይከፈታል፣ የመረጃ ቋት ይዘጋጃል፣ ተለዋዋጮች የመነሻ ዋጋቸውን ይይዛሉ። ተርጓሚ ይህን ሁሉ «ዝግጅት» በሚል አንድ ቃል ቢጠቀልለው አንባቢውን እንደሚያሳስት በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ልዩነቱን ለመረዳት ከሞጣና ከቢቸና ማጀት የራቀ ምሳሌ አያሻንም። በዚያም እንደ ሌላው የጤፍ አገር ሁሉ ሊጡ የሚቦካው ለጋገራው በሙሉ አንድ ጊዜ ነው፤ ምጣዱ ግን በማሰሻ የሚታሰሰው ለየእንጀራው ነው። ምጣዱን አንድ ጊዜ ብቻ አስሳ ሁሉንም ልጋግር ያለች እንጀራው ይጣበቅባታል፤ ለእያንዳንዱ እንጀራ አዲስ ሊጥ ላቡካ ያለችም ቀኑ አይበቃትም። ሦስተኛም ነገር አለ፤ እርሾ ካለፈው ቡኮ ተርፎ የሚቀጥለውን ያቦካል። በጋገራ ይህ ቅሪት የሚፈለግ ነው፤ በፍተሻ ግን አንዱ ፍተሻ ትቶት ያለፈው ዋጋ የሌላውን ውጤት ስለሚለውጥ ነቀፋ ነው።

የፍተሻ ማዕቀፎች በዚህ ጉዳይ አንድ ልማድ የላቸውም። ኬንት ቤክና ኤሪክ ጋማ እ.ኤ.አ. በ1997 የጀመሩት ጄዩኒት፣ በተለመደው አሠራሩ፣ ለየፍተሻው ከመደቡ አዲስ አካል ይፈጥራል፤ ስለዚህ የመደቡ ተለዋዋጮች ሁልጊዜ ይታደሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ቴስትኤንጂ ግን በአንድ መደብ ውስጥ ያሉትን ፍተሻዎች ሁሉ በአንድ አካል ላይ ያካሂዳል። በዶትኔት ዓለምም ኤንዩኒት በተለመደው አሠራሩ አንዱን አካል ለሁሉም ሲያጋራ፣ ኤክስዩኒት ለየፍተሻው አዲስ ይፈጥራል።

ችግሩ የሚገለጠው ፍተሻዎች ከአንዱ ማዕቀፍ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ነው። ከጄዩኒት ወደ ቴስትኤንጂ የተሻገረ ፍተሻ፣ ይታደስለት የነበረው ተለዋዋጭ ያለፈውን ፍተሻ ቅሪት ይዞ ይጠብቀዋል፤ የፍተሻዎቹ ተራ ሲለወጥም ውጤቱ ይለወጣል። በአንጻሩ በኤንዩኒት አንድ ጊዜ ብቻ ይፈጸም የነበረ መሰናዶ ወደ ኤክስዩኒት መደብ መገንቢያ እንዳለ ቢዛወር በየፍተሻው ይደገማል፤ ሥራውም ይንቀራፈፋል። መፍትሔው እያንዳንዱን መሰናዶ «ለስንት ፍተሻ ነው? ስንት ጊዜስ ይፈጸማል?» ብሎ ለይቶ ማሻገር ነው። መመሪያውን የተረጎመው ሰው ልዩነቱን ካጠፋው ግን አሻጋሪው ይህን ጥያቄ ሊጠይቅ አይችልም።

ስያሜ ያወጡት ሰዎች ራሳቸውም ከዚህ እንቅፋት አላመለጡም። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው አራተኛው ጄዩኒት ለየፍተሻው የሚፈጸመውን መሰናዶ በደፈናው «በፊት» ብሎ ሰይሞት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው አምስተኛው ግን «ከእያንዳንዱ በፊት» እና «ከሁሉም በፊት» በማለት ለይቶታል።

አማርኛ ይህን ልዩነት በአንዲት ፊደል ይገልጸዋል። በመስተዋድድ ላይ የምትታከለው «የ» («በየቀኑ»፣ «ከየቤቱ»፣ «ለየሰዉ») ነገሩ ለእያንዳንዱ ተራ በተራ እንደሚዳረስ ታመለክታለች። «ከፍተሻው በፊት» አሻሚ ነው፤ «ከየፍተሻው በፊት» ግን ጥርጥር አይተውም።

ስለዚህ የሚከተሉትን ስያሜዎች ለውይይት እናቀርባለን።

«የየፍተሻው መሰናዶ»፦ ከየፍተሻው በፊት የሚደገም፤
«የጋራ መሰናዶ»፦ ከፍተሻዎቹ ሁሉ በፊት አንድ ጊዜ የሚፈጸም፤
«ድኅረ ፍተሻ ጽዳት»፦ ፍተሻው ሲያበቃ የተሰናዳውን የሚያነሣ፤
«ቅሪት»፦ ካለፈ ፍተሻ ሳይጸዳ የተረፈ ዋጋ።

«እርሾ» የሚለውን ቃል ለመጨረሻው ጽንሰ ሐሳብ ያልመረጥነው ቃሉ በሕዝቡ ዘንድ መልካም ትርጉም ስላለው ነው፤ ነቀፋን የሚሰይም ቃል የነቀፋን መልክ መያዝ አለበት። ተርጓሚዎችም «ዝግጅት» ብለው ከመጻፋቸው በፊት መሰናዶው ሊጥ ይሁን ማሰሻ እንዲለዩ እናሳስባለን።