የግድግዳ ምርጊትና የቤት ሙቀት

ሰው ብርድን በልብስ እንደሚከላከል ሁሉ፣ ቤትም የሚከላከለው በግድግዳው ምርጊት ነው። በደጋ አገር ምርጊቱ ተሰነጣጥቆ ነፋስ ሲያስገባ፣ አንዳንድ ቤተሰብ ደጁን ዘግቶ የከሰል ማንደጃ አጠገቡ አድርጎ ይተኛል። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዘኛ አየር ቀለምም ሽታም የለውምና፣ የተኛውን ሳይነቃ ሊገድለው ይችላል። ጭሱ ቢጠፋም ፍሙ እስካለ ድረስ መርዙ አይጠፋም።

ብርዱም ቢሆን ለጤና ጎጂ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር በ2018 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ በብርዳማ አገሮች የቤት ሙቀት ከ18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳያንስ መክሯል።

ስለዚህ ሙቀትን ከግድግዳው መፈለግ ይገባል። ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክቶ፣ ጥቂት ቀን አሰንብቶ፣ ግድግዳውን በውጭ በኩል መምረግ ነው። በጭዱ መካከል የሚቀረው አየር የቤቱ ሙቀት ቶሎ እንዳይወጣ ያግዳል። እርጥብ ግድግዳ ግን ሙቀትን አሳልፎ ስለሚሰጥ፣ ሥራው በበጋ ይፈጸም፤ የጣራውም ክዳን ከግድግዳው አልፎ ዝናቡን ያርቅ፤ በሥሩም የውሃ መውረጃ ቦይ ይቆፈር።

ግድግዳው ተመረገ ተብሎ ግን መስኮት አይደፈን፤ ንጹሕ አየር ዘወትር ያስፈልጋልና። ማንደጃውም ከመኝታ አስቀድሞ ከቤት ይውጣ። መምህራን ሆይ፣ ይህን ለተማሪዎቻችሁ አስረዱ፤ ልጆቹ ለወላጆቻቸው የሚያደርሱት ቃል የቤተሰብን ሕይወት ያድናል።