ሳርን የጠበቀው ጦር

የመንግሥታት ማኅበር ሲነሣ እኛ አገር ቀድሞ የሚታወሰው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ያሰሙት አቤቱታ ነው። ቢታወስም ይገባዋል። ከዚያ ተነሥቶ ግን «ማኅበሩ አንድም ቀን ወታደር አሰልፎ አያውቅም» ማለት ስሕተት ነው። ይህን አባባል ብዙ ካነበቡ ሰዎች ሳይቀር ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ ነገሩን አጣርቶ መናገር ምን ይከብዳል? ማኅበሩ አሰልፏል፤ ያውም በሚገባ።

ሳር በጀርመንና በፈረንሳይ ድንበር ላይ ያለ፣ የድንጋይ ከሰል ይወጣበት የነበረ አገር ነው። የቬርሳይ ውል ለ15 ዓመት በማኅበሩ አስተዳደር ሥር አዋለው፤ ከዚያ በኋላ ሕዝቡ በድምፁ ይወስናል ተባለ። ቀኑ ሲቃረብ ጀርመንን ሂትለር ይዟታል፤ ሳር ውስጥም ናዚዎች ተቃዋሚዎቻቸውን ያስፈራራሉ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1934 ማኅበሩ ከእንግሊዝ 1,500፣ ከጣሊያን 1,300፣ ከስዊድን 260፣ ከሆላንድ 250 ወታደር አስገባ። አዛዡ እንግሊዛዊው ጄኔራል ጆን ብራይንድ ነበሩ።

እዚህ ላይ ማን እንደሌለ ልብ በሉ። የነገሩ ባለቤቶች ጀርመንና ፈረንሳይ አንድም ወታደር አላዋጡም፤ ሌሎች እንዲገቡ ግን ሁለቱም ፈቅደዋል። ጦሩ የደረሰው ነገር ከተበላሸ በኋላ አይደለም፤ ቀድሞ ነው። የዕለቱን ጸጥታ ፖሊስ ያስከብራል፤ ወታደሩ እስኪጠራ ድረስ ከኋላ ሆኖ ይጠብቃል። ድምፅ መስጠት የሚችለው ውሉ በተፈረመበት ቀን፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 28 ቀን 1919፣ የሳር ነዋሪ የነበረ ሰው ነበርና አሜሪካ ድረስ የተሰደዱት ሳይቀሩ በመርከብ ተመለሱ። እ.ኤ.አ. ጥር 13 ቀን 1935 ድምፁ ተሰጠ፤ ከ90 በመቶ በላይ የሆነው ሕዝብ ጀርመንን መረጠ። ጦሩ ማስፈራራቱን ከሥሩ አልነቀለውም፤ ከውጤቱ በኋላም ብዙ የሂትለር ተቃዋሚዎች ወደ ፈረንሳይ ሸሹ። የተላከበት ጉዳይ ግን ድምፁ ያለ ደም መፋሰስ እንዲሰጥ ማድረግ ነበር፤ አድርጎታል።

የጣሊያን ወታደር ሳር ላይ ሰላም ሊያስከብር በተላከበት በዚያው ወር፣ የጣሊያን ጦር ወልወል ላይ ከእኛ ጋር ተዋግቷል። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በመስከረም 1935 ገለልተኛ ታዛቢዎች ድንበሯ ላይ እንዲቆሙላት ማኅበሩን ለመነች። እርሷ ፈቅዳለች፤ ሙሶሊኒ ግን እንደ ሳር ባለጉዳዮች ለሌላ ዳኛ የሚገዛ አልነበረም፣ እንግሊዝና ፈረንሳይም ሊያስቀይሙት አልፈለጉም። ታዛቢዎቹ ሳይመጡ ጥቅምት 3 ቀን የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ።