ጎርፉ ከሄደ በኋላ የሚቀረው ሻጋታ

እንደሚታወቀው ካኩማ ዝናብ ብርቅ የሆነበት በረሃ ነው። ሲዘንብ ግን የታራች ወንዝ ሞልቶ ጎርፉ ቤታችን ድረስ ይገባል። ውሃው ሲወጣ ጭቃውን ጠርገን «ተገላገልን» እንላለን። ከሳምንት በኋላ ግን ቤቱ ይሸታል፣ ግድግዳው ላይ ጥቁር ወይም አረንጓዴ ነጠብጣብ ይወጣል፣ ልጆችም ማታ ማታ ያስላቸዋል። ተማሪዎቻችን ደጋግመው ስለሚጠይቁን በዚህ እትም ስለ ሻጋታ እንነጋገራለን።

ሻጋታ ምንድን ነው?

ሻጋታ ከእንጉዳይ ወገን የሆነ ሕይወት ያለው ነገር ነው። በዓይን የማይታየው ዘሩ ሁሌም አየር ላይ አለ። እርጥበት ካገኘ በእንጨት፣ በካርቶን፣ በጨርቅና ጭቃው ውስጥ ባለው ጭድ ላይ ይበቅላል። የራሰ ዕቃ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ሊሻግት ይችላል። ሻጋታ ሳል፣ ማስነጠስና የዓይን ማሳከክ ያመጣል፤ አስም ያለበትን ሰው ደግሞ በጣም ያስቸግራል።

ሻጋታ ነው ወይስ ጨው?

የጭቃ ግድግዳ ላይ የሚወጣ ነጭ ዱቄት ሁሉ ሻጋታ አይደለም። ውሃ ጠብ ስናደርግበት ከሟሟ ከአፈሩ የወጣ ጨው ነው። ከሸተተና ነጠብጣቡ ካልሟሟ ግን ምርመራ ሳንጠብቅ ማጽዳት ነው።

ምን እናድርግ?

1. በርና መስኮት ከፍተን፣ አፍንጫችንን ሸፍነን ዕቃውን ሁሉ ወደ ፀሐይ እናውጣ። አስም ያለበት ሰውና ሕፃናት ከቤት ይውጡ።

2. ብረት፣ ፕላስቲክና ቀለም የተቀባ እንጨት በሳሙናና በውሃ ታሽቶ ይድረቅ። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር መቀላቀል ክልክል ነው፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

3. የሻገተው ጭቃ ተፍቆ ይውጣ። ግድግዳው ሳይደርቅ ብንለስነው ሻጋታው ከሥር ይቀጥላል።

4. ደብተርና መጽሐፍ ገጹ ተገልጦ ነፋስ ላይ ይሰጣ። የሻገተ የስፖንጅ ፍራሽ ግን ውስጡ ስለማይጸዳ ቢቻል መቀየር አለበት።

5. ቤቱን ለማድረቅ ብለን በር ዘግተን ከሰል አናንድድ፤ ሽታ የሌለው ጋዙ ይገድላል። ዕጣን ማጨስም ሽታውን ይሸፍናል እንጂ ሻጋታውን አያጠፋም።

እህሉስ?

ከሁሉ የሚከብደው ይሄ ነው። ለወር የተሰጠንን ራሽን መጣል ማን ይወዳል? ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2004 በኬንያ ምሥራቃዊ ክፍል፣ እርጥብ ሆኖ ተከማችቶ የሻገተ በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። የገደላቸው አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ሲሆን ጉበትን ይጎዳል። ማጠብም ሆነ መቀቀል አያጠፋውም። ለፍየል ብንሰጠው እንኳ በወተቷ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ የሻገተ እህል አይበላም።

እህሉን ለማዳን ጆንያውን ከግድግዳ አርቀን ጡብ ወይም እንጨት ላይ እናስቀምጥ። ከዝናቡ በፊትም በቤታችን ዙሪያ የውሃ መውረጃ እንቆፍር። አቅም የሌላቸው አረጋውያንና ብቻቸውን ልጅ የሚያሳድጉ እናቶች ጎረቤቶቻችን ናቸውና አካፋችንን ይዘን እነሱ ቤትም እንድረስ።