የአሮጌ ፒክአፕ ጥገናና ማሻሻያ
አሮጌ ፒክአፕን በትርፍ ጊዜ መጠገንና ማሻሻል በብዙ አገሮች የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በጃፓን መመረት የጀመረው ቶዮታ ሃይሉክስ ለዚህ ይመረጣል፤ ቦዲው ከሻንሲው ጋር በብሎን ስለሚታሰር ፈትቶ መሥራት ይቀላል። ቀለም ብዙ ነገር ይደብቃልና ከሻንሲው ዝገት መጀመር ይሻላል።

ብዙዎች መጀመሪያ የሚያምራቸው መኪናውን ከፍ ማድረግ ነው፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። በብዙ የቆዩ ሃይሉክሶች ሻንሲው ላይ የተገጠመና ከኋላው ዲፈረንሻል ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ቫልቭ አለ። ጭነት ሻንሲውን ወደ ታች ሲጫነው ቫልቩ ለኋላው ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ይለቃል። ባሌስትራው ከፍ ከተደረገ ግን በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ስለሚጨምር፣ ቫልቩ መኪናው ባዶ የሆነ ያህል ይሠራል፤ ጭነት እያለም የኋላው ፍሬን ይደክማል። ስለዚህ የዘንጉ ማያያዣ አብሮ መስተካከል አለበት። ትልቅ ጎማ ከተገጠመ ደግሞ የፍጥነት መለኪያው ከእውነተኛው ፍጥነት ያነሰ ያሳያል።